ሐረጎ ላይ ስኳሬ ወረደብኝ፣ ሹፍርና ልተው?

ሚኒባስ_ደሴ፦
ሰላም ለናንተ። ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ስኳር አለብኝ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ባለፈው ጠዋት መርፌዬን ወግቼ ተራዬ ስለደረሰ ቁርሱን ኮምቦልቻ እበላለሁ ብዬ ወጣሁ፣ ሐረጎን ስወርድ ላብ በላብ ሆንኩ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ረዳቱ ምን ሆንክ ቢለኝ ጮህኩበት፣ ከዛ አንዱን ኩርባ እንዴት እንደዞርኩት እስካሁን አላስታውስም። በግድ ነው ያስቆመኝ። ተሳፋሪው ጠጥቶ ነው ይላል፣ እኔ ምላሴ ተሳስሮ መመለስ አቃተኝ። አሁን መሪ ስይዝ እፈራለሁ፣ የሰው ነፍስ ነው የምጭነው። የልጆቼ እንጀራ ደግሞ ይሄው ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ነርሷ፦
አብሽር ወንድሜ፣ እንኳን ተረፋችሁ። የስኳር ክትትል ክፍል ነው የምሰራው። አንጎል የሚሰራው በስኳር ነው፣ የመለኪያው ቁጥር ከ70 በታች ሲወርድ መጀመሪያ በላብና በመንቀጥቀጥ ያስጠነቅቅሃል፣ የበለጠ ሲወርድ ግን ደህና ነኝ አይደለሁም ብሎ የሚለየው አንጎል ራሱ ይደክማል፣ ረዳትህ ላይ የጮህከውም ለዛ ነው። በሽታው ሲቆይ ደግሞ ላቡም መንቀጥቀጡም የሚቀርባቸው አሉ። ስለዚህ በስሜትህ አትነሳ፣ ስኳርህን ለካ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ብላ፣ ረጅም መንገድ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ለካ። መንገድ ላይ ከወረደብህ ዳር ይዘህ ሞተር አጥፋ፣ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣ (ስኳር የሌለው ዜሮ የሚባለው አይሆንም)፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካ፣ ካልወጣ ድገም። ከተስተካከለ በኋላም 45 ደቂቃ አትንዳ፣ ቁጥሩ ቢመለስም አንጎል ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፣ ይሄን ብዙ ሹፌር አያውቀውም። እና የሆነውን ለሐኪምህ ንገረው፣ የኢንሱሊኑ መጠን መስተካከል ይኖርበት ይሆናል።

የባቲ_መንገድ፦
እኔ ከባድ መኪና ነው በባቲ ወደ ሚሌ የምነዳው። ኪኒን አያወርድም የሚሉህን አትስማ፣ እኔን ግሊቤንክላማይድ ነው ጉድ ሊሰራኝ የነበረ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ነው እምብዛም የማያወርደው። ጋቢና ውስጥ ስኳር በላስቲክ ቋጥሬ ከውሃ ጋር አይለየኝም። ረዳቴንም ወላሂ እንዲህ ብዬዋለሁ፣ ዝም ካልኩ ወይ ያለነገር ከተቆጣሁ ብሰድብህም አስቁመኝ። ረመዳን ላይ ሐኪሜ የኪኒኑን ሰዓት ቀይሮልኛል፣ ከአስር በኋላ ደግሞ እስካፈጥር መሪ አልይዝም።

ሚኒባስ_ደሴ፦
አላህ ይስጣችሁ። እስትሪፑ (የስኳር መለኪያው ወረቀት) ግን ውድ ነው በየጉዞው አይቻልም።

ነርሷ፦
እውነትህን ነው። ካነሰህ ቤት የምትለካውን ቀንስና ለመሪው አስቀምጠው፣ መቀነሱን ግን ሐኪምህን አማክር። ቁርስ ሳይቀርብ መርፌ አትውጋ።

ሚኒባስ_ደሴ፦
ዛሬ ጠዋት ለካሁ፣ 84። ተራዬን ለጓደኛዬ ለቅቄ ቁጭ ብዬ ዳቦ በሻይ በላሁ፣ ቀጥሎ ስለካ 131 ሆነ ከዛ ነው የወጣሁት።