ጥቁር ሰባቴ ከወጣ ቀይ ላይ ማስያዝ ያዋጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ላስ ቬጋስ ሹፌር ነኝ። ሌሊት ከስራ ስወጣ አንድ ካዚኖ ጎራ እላለሁ። ሩሌቱ ጋ፣ ማለትም ኳስ የምትሽከረከርበት ባለ ቁጥር መንኮራኩር ጋ፣ ቆሜ የወጡትን ቁጥሮች የሚያሳየውን ሰሌዳ አያለሁ። ጥቁር ስድስት ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ቀይ ላይ 10 ዶላር አስይዛለሁ። ከተበላሁ 20፣ ከዚያ 40 እያልኩ እጥፍ አደርጋለሁ። በሁለት ሳምንት 310 ዶላር አገኘሁ። ጓደኛዬ ግን "ተው" እያለ ይጨቀጭቀኛል። የቀይ ተራ ደርሶ የለም እንዴ?

መልስ 1፦
ተራ የሚባል ነገር የለም። 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 2 አረንጓዴ (ዜሮዎቹ)፤ ከሰባት ጥቁር በኋላም የቀይ ዕድል ያው ከ38 18 ነው። ሞናኮ ባለው የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ በ1913 ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። ሰው "አሁንስ ቀይ ነው" እያለ ገንዘቡን ያፈሰሰው ያን ሌሊት ነው።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ከተማ ዘጠኝ ዓመት የሩሌት ዲለር (አጫዋች) ነበርኩ። ሰሌዳውን የሰቀለው ማን ይመስልሃል? ካዚኖው ራሱ ነው። የሚጎዳው ቢሆን ኖሮ አያበራልህም ነበር።

አንድ ሌሊት አንድ ሽማግሌ መጡ። ትንሽ ደብተር ይዘው እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳስ ይጽፋሉ። ጥቁር ስድስቴ ሲወጣ ቀይ ላይ 25 ዶላር አስያዙ። ጥቁር። 50፣ ጥቁር። 100፣ 200፣ 400፤ አሁንም ጥቁር። ቀጣዩ 800 መሆን ነበረበት፤ የጠረጴዛው ጣሪያ (በአንዴ ማስያዝ የሚቻለው ከፍተኛው) ግን 500 ነው። 500ውን አስቀመጡ። ኳሷን የለቀቅኳት እኔ ነኝ። 0 ላይ አረፈች፤ አረንጓዴ። ቺፑን ስሰበስብ ቀና ብለው አላዩኝም። እርሳሳቸውን አንስተው 0 ብለው ጻፉ። በስድስት ዙር 1,275 ዶላር። እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፉም።

አሁን ወደ አንተ። ከ10 ጀምረህ እጥፍ እያደረግክ ባሸነፍክ ቁጥር የምታተርፈው 10 ዶላር ብቻ ስለሆነ 31 ጊዜ ተሳክቶልሃል። ያንተም ጠረጴዛ ጣሪያ 500 ከሆነ፣ ስድስቴ ስትበላ 630 ዶላር ይሄዳል። ሰባተኛው 640 ነው፤ አያስይዙህም። ባለ ሁለት ዜሮ ሩሌት ላይ ይህ በ47 ሙከራ አንዴ ያህል ያጋጥማል። 46 ጊዜ ብታሸንፍ 460 ነው። አስላው።

ጠያቂ፦
መንኮራኩሩ ራሱ የተዛባ ቢሆንስ? እንደዛ ያሸነፉ አሉ ይባላል።

መልስ 2፦
አሉ፣ እውነት ነው። ስፔናዊው ጎንዛሎ ጋርሲያ ፔላዮ በ1990ዎቹ ማድሪድ ላይ አድርጎታል። ግን እሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ዙሮችን ከቤተሰቡ ጋር መዝግቦ ነው፤ ሰባት ዙር አይቶ አይደለም። ደግሞ ልብ በል፦ የሚያስይዘው የሚደጋገመው ቁጥር ላይ ነበር። መንኮራኩሩ ወደ ጥቁር ካደላ አንተ ቀይ ላይ ምን ትሰራለህ? ዛሬ ደግሞ ካዚኖዎቹ የሚወጣውን ቁጥር በኮምፒውተር ይከታተላሉ፤ ካንተ ቀድመው ያውቁታል።

ሌላም ልንገርህ። ሶስት ዜሮ ያለበት ጠረጴዛ በዝቷል። እዚያ ካዚኖው ከሚያዘው ከየ100 ዶላሩ በአማካይ 7.69 ይወስዳል፤ በሁለት ዜሮው 5.26 ነው። የምትቆምበትን አይተኸዋል?

ጠያቂ፦
አላየሁም። ጣሪያውንም አላነበብኩም። ሁልጊዜ ሰሌዳውን ብቻ ነበር የማየው።