ለባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ ምን አይነት ቢላ ልያዝ?

ባለቦርሳው፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ጥር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ልንወጣ ነው፣ ከዲንሾ ተነስተን በእግር እስከ ሳነቴ አምባ፣ ማደሪያችን ድንኳን ነው። እስካሁን የለመድነው የእንጦጦና የወንጪ ደርሶ መልስ ነው፣ እሱ ላይ ደሞ ቢላ የሚባል ነገር አስፈልጎን አያውቅም፣ ምሳው ተጠቅልሎ ይመጣል ይበላል አለቀ። አሁን ግን የምናበስለው ራሳችን ነን። እቃ ስንከፋፈል ቢላው ለኔ ደረሰኝና ቴሌግራም ላይ ሳስስ አንዱ ቻናል እጀታው ውስጥ ክብሪትና መርፌ የሚያዝ፣ ቂጡ ላይ ኮምፓስ ያለው፣ ጀርባው እንደ መጋዝ የተሸነሸነ ትልቅ ቢላ ለጥፏል፣ ዋጋውም አይከብድም። ሌላኛው ታጣፊ ሰንጢ ነው። የቱ ይሻላል? ወይስ የቤት ቢላ በጨርቅ ጠቅልዬ ልሂድ? ደሞ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ አይደል፣ ቢላ ይዞ መገኘት ጣጣ ያመጣል እንዴ? የምታውቁ ተባበሩኝ በናታችሁ።

ሞረድ፦
ባለ ኮምፓሱን ተወው ወንድሜ። እጀታው ባዶ ነው ማለት የስለቱ ብረት እጀታው አፍ ላይ አልቋል ማለት ነው፣ በአንድ ብሎን ተይዞ ነው ያለው፣ ጠንከር ያለ ነገር ላይ ጫን ስትለው እዛችው መገጣጠሚያ ላይ ቀንጠስ ይልልሃል። ደህና ቢላ ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ የሚገባ፣ ከተገኘም እስከ ጫፉ የሚሄድ ነው። መጋዙም ለፎቶ ነው እንጂ እንጨት አይቆርጥም፣ ቢቆርጥስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ምን ልትቆርጥበት ነው? የአስታ ዛፍ ልትመነጥር?

እስቲ እዛ የምትቆርጠውን አስበው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ቋንጣ፣ የፓስታ ፌስታል፣ ገመድ፣ እግር ሲላጥ ፕላስተር። ለዚህ ሁሉ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስለት ይበቃሃል። ሰው ርዝመት ያያል፣ አንተ ውፍረቱን እይ። ጀርባው 5 ሚሊ የሆነ ቢላ ሽንኩርት አይከትፍም ይፈልጣል፣ 2 ተኩል ሚሊ የሆነው ግን ሰተት ብሎ ይገባል። የቤት ቢላህም ቀጭን ከሆነ ምንም አይልም፣ ጉዱ አፎት የለውም፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላ ቦርሳ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጨርቁን በልቶ የዝናብ ጃኬትህ ላይ ይደርሳል። ወፍራም ካርቶን አጥፈህ በፕላስተር አሽገህ አፎት ብትሰራለት ያልኩትን ሁሉ ያሟላል፣ ከዛ ወዲያ ብር ማውጣት የፈለገ ያውጣ።

አርሊንግተን፦
ጋሽ ሞረድ ነገሩን ጨርሶታል፣ ብር ማውጣት ለሚፈልገው ግን ትንሽ ልጨምር። እዚህ ቨርጂኒያ ሼናንዶዋ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ስንወጣ በሰው እጅ የማየው በብዛት ሶስት አይነት ነው። አንዱ የስዊድኑ ሞራ ኮምፓኒየን ነው፣ አይታጠፍም፣ ስለቱ 10 ሴንቲሜትር ግድም፣ እጀታው የማያንሸራትት፣ የፕላስቲክ ሰገባ አለው፣ ከሚሰጠው አገልግሎት አንፃር ርካሽ ነው። ሁለተኛው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8፣ እጀታው እንጨት የሆነ ታጣፊ፣ ስለቱ 8 ተኩል ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 50 ግራም እንኳን አይሞላም፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ቀለበት ስታዞራት ይቆለፋል። ቲማቲም ላይ እሱን የሚያክል አላየሁም። ችግሩ እንጨቱ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣም ይልሃል፣ የተሰራበት አገር የሳቮይ ሰዎች እጀታውን በቂጡ ጠረጴዛ ላይ መታ ሲያደርጉት ብቅ ይላል፣ ግን እጅህ ከስለቱ መውጫ ራቅ ይበል። ሶስተኛው የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ነው፣ ክላይምበር የሚሉት 82 ግራም ነው መቀስ አለው፣ መቀሷ ለፕላስተርና ለጥፍር ወርቅ ናት፣ ስለቱ ግን መቆለፊያ ስለሌለው በጫፉ ልውጋ ካልክ ጣትህ ላይ ይታጠፋል። እኔ ለምግቡ ሞራ፣ ለጥቃቅኑ ቪክቶሪኖክስ ነው የምይዘው።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስመጣ፣ በሚጫነው ሻንጣ ነው እንጂ በእጅ ቦርሳ አይሆንም፣ ስለቱም ሽፍን ብሎ ይታሸግ። ስቴንለሱን ይምረጥልህ፣ ካርቦን የሚሉት ብረት ስለቱን ለመሳል ይቀላል፣ ግን ሎሚና ቲማቲም ቆርጠህበት ሳትጠርገው ብታድር ጠዋት ዝጎ ታገኘዋለህ።

የዲንሾ ልጅ፦
አካም። እዚህ ጋይድ ነኝ፣ እንግዳ ስወስድ ከማየው ልናገር። እስካሁን ያወራችሁት ስለ ብረት ነው፣ እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ አንድ ቢላ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ቡድናችሁ ውስጥ ረቡዕና አርብ የሚፆም አለ አይደል? ቋንጣ የተቆረጠበት ቢላ ሽንኩርቱን ሲከትፍ ያየ ፆመኛ ወጡን አይነካውም፣ እና ማታ ደክሞት ብርድ እየገረፈው ዳቦ በውሃ ሲበላ ታየዋለህ። ፈረስ የሚነዱት የኛ ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው፣ እናንተ ያመጣችሁት ቋንጣ የክርስቲያን ስጋ ከሆነ አይበሉትም፣ እሱን በቆረጠ ቢላ የተቆረሰ ዳቦም ብትሰጣቸው በአክብሮት በቃን ይላሉ እንጂ ምክንያቱን አይነግሩህም። ብዙ እንግዳ ይሄን ሳያውቅ ለምን አልበሉም ብሎ ይከፋዋል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ቢላ፣ አንዱ ለስጋ ብቻ፣ አንዱ ለአትክልትና ለዳቦ። እጀታቸው ቀለሙ ቢለያይ ጥሩ ነው፣ በባትሪ መብራት ጨለማ ውስጥ ሲሰራ ይምታታል። የአንድ ትልቅ ቢላ ክብደት ለሁለቱ ይበቃል ደሞ።

ታጣፊ ለስጋ አትጠቀሙ። የቋንጣው ቅባት መታጠፊያው ውስጥ ይገባና ብትፈትጉት አይወጣም። የማይታጠፈውን ግን በሙቅ ውሃና በጨርቅ አንዴ ጠረግ ነው። ሳሙና ይዛችሁ ወንዝ ውስጥ አትጠቡት፣ ውሃ ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፣ ከታች ከብትም ሰውም ይጠጣዋል።

ሌላው ብርዱ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጥር ላይ ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምትነሱት። በዛ ሰዓት ጣት ይደነዝዛል፣ ሰንጢዋን በጥፍር ቆንጥጠህ ልክፈት ስትል አትከፈትም፣ ጓንት ካደረግክማ ጭራሽ። እጀታው ወፈር ያለ፣ ከአፎቱ ሳብ ብቻ የሚፈልግ ነው እዛ የሚሰራው።

ፍተሻን በተመለከተ፣ በሻሸመኔ በኩል ስትመጡ ዶዶላና አዳባን አልፋችሁ ነው እኛ ጋ የምትደርሱት፣ መኪና አቁመው ሊፈትሹ ይችላሉ። ወገብ ላይ አንጠልጥለህ ከወረድክ ጥያቄው ይበዛል። ከድስቱና ከምድጃው ጋር አንድ ላይ አስረህ ያዘው፣ ምን ይዛችኋል ሲሉ የማብሰያ እቃ ነው ቢላም አለው ብለህ ራስህ አውጥተህ አሳይ። ባለ መጋዙን ቢላ ይዘህ ግን የማብሰያ ነው ብትል ማን ያምንሃል?

ጨዋታው፦
እኛ ሰፈር ቁርጥ ቤት ያለው ቢላ ይሻላል እኮ፣ ክትክት አድርጎ፣ ዳጣ በጎን፣ ሳነቴ ላይ ቁጭ ብሎ ቀይ ቀበሮ እያዩ 😂

የዲንሾ ልጅ፦
ጥሬ ስጋውን ተወው ወንድሜ፣ ሽታውን ይዞ የሚመጣው ቀይ ቀበሮው ሳይሆን የእረኞቹ ውሻ ነው። ፍርፋሪም አትጣሉ፣ ውሻ በለመደ ቁጥር በሽታውን ለቀበሮዎቹ ያስተላልፋል፣ በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ አልቀውብናል።

ባለቦርሳው፦
እናንተ ሰዎች ይመቻችሁ። የፆሙን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ ከመሀላችን ሁለቱ አጥባቂ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ግን እስከ ጥር የለኝም። እዚሁ አዲስ አበባ የሚሰራ የለም? ምናለሽ ተራ ከባሌስትራ የሚቀጠቅጡ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ደሞ መሳያው እንዴት ነው፣ ድንጋይ ልሸከም እንዳትሉኝ።

ሞረድ፦
አሉ፣ የመኪና ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፣ በደንብ ከተቀጠቀጠና በልኩ ከተነከረ ስለት ይይዛል። ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛ ቀጥቃጩ የለመደው መጥረቢያና ገጀራ ስለሆነ ዝም ካልከው አወፍሮ ነው የሚሰጥህ፣ አቅጥኖ እንዲሞርደው ንገረው፣ ልክህን በካርቶን ቆርጠህ ይዘህ ብትሄድ ይሻላል። ሁለተኛ ይዝጋል፣ ስቴንለስ አይደለም፣ ስለዚህ የስጋው እሱ ይሁን፣ ለአትክልቱ የቤት ስቴንለስ ቢላህን በካርቶን አፎት ያዝ። ስትቀበለው ጀርባውን አትይ፣ አፉን ወደ ብርሃን አዙረህ በቁሙ እየው፣ የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም፣ የሆነ ቦታ ነጭ መስመር ካበራ እዛ ጋ ዱልዱም ነው፣ እዛው አስጨርሰው።

መሳያ ድንጋይ አትሸከም፣ ቡና ልታፈሉ ሲኒ ይዛችሁ የለ? ሲኒውን ገልብጠው፣ ቂጡ ላይ ቀለም ያልነካው ሻካራ ክብ አለ፣ ቢላውን 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና አድርገህ በአንድ በኩል ጥቂት ጊዜ ወደፊት ግፋው፣ ከዛ በሌላው በኩል ያንኑ ያህል። አትጫነው። ቤት እያለህ ሞክረው፣ ወረቀት ይዘህ ከላይ ወደታች ስበህ ሳይቀድ ከቆረጠ በቂ ነው።

አርሊንግተን፦
ባሌስትራው የእውነት ቀጭን ሆኖ ከወጣ ፎቶውን ለጥፈው፣ እኔም በመጪው ክረምት ስመጣ አንድ ላሰራ እፈልጋለሁ፣ ዋጋውንም አብረህ ጻፍልን።