ባንክ ያመነኝን ሰው የስልክ ኩባንያ ለምን ይጠረጥረኛል?

ጠያቂ፦ የመኪና ብድሬን ቀኑን ሳላዛንፍ እከፍላለሁ፤ የክሬዲት ነጥቤም (ብድር የመክፈል ታሪኬን የሚመዝነው ቁጥር) ከፍተኛ ነው። ሆኖም ስልክ በየወሩ እየከፈልኩ ለመውሰድ ያቀረብኩት ማመልከቻ ውድቅ ተደረገ። ሻጩ «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሲስተሙ ማን ነው? አናግረዋለሁ!

መልስ፦ እርስዎ የሚያዩትን ነጥብ ኩባንያው ላያየው ይችላል፤ የራሱ መመዘኛ አለው። በቅርቡ ቤት ቀይረዋል? የአድራሻ አለመመሳሰል ብቻውን ማመልከቻ ሊጥል ይችላል።

ጠያቂ፦ ቀይሬአለሁ። ባንኩ አዲሱን አድራሻ ያውቃል፤ የብድር ታሪኬ በሚመዘገብበት የክሬዲት ሪፖርት ላይ ግን ያለው አሮጌው ነው።

ሌላ መልስ፦ እንግዲያው እሱን ያሳርሙ። እስከዚያ በንዴት ሌላ ኩባንያ ዘንድ አያመልክቱ፤ በአጭር ጊዜ የተደራረበ ማመልከቻ በመዝገቡ ላይ ይታያል፣ ነጥብም ሊቀንስ ይችላል። ከቸኮሉ ቀፎውን በጥሬ ገንዘብ ገዝተው ሲም ካርድ ብቻ ይውሰዱ።