የትዳር ቪዛ ለእንግሊዝ፦ ብራችሁን የት ታወጣላችሁ፣ የት ትቆጥባላችሁ?

«ኤጀንሲ ልያዝ ወይስ ራሴ ልሙላው?» ከሠርጌ ወዲህ ይህን ስንቴ እንደተጠየቅሁ አልቆጠርኩም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ጸጉር ቤት፣ አጠገቤ ካስክ ውስጥ የነበረች ልጅ ጠየቀችኝ። የማድረቂያው ጩኸት የመልሴን ግማሽ ዋጠው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ባለቤቴ ለንደን ነው፣ እኔ ፋይሉን ያዘጋጀሁት አዲስ አበባ ሆኜ ነው። የምላችሁ የሚሠራው ለእንግሊዝ ብቻ ነው። የአሜሪካው ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ነው።

ከትርጉም ቤት ልጀምር፣ የተቃጠልኩት እዚያ ነውና።

ከወረዳ የምታወጡት የጋብቻ ምስክር ወረቀት በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈ ነው። እሱን አታስተርጉሙ። አንድ ቤት ግን «ይሄም ይተረጎማል» ብሎ ሊያስከፍለኝ ነበር። የሚተረጎመው በአማርኛ ብቻ ያለው ነው፤ የእኔ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ስመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ። ክብ ማህተሙ ያምራል። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን የተጋባነው «ጃንዋሪ 21 ቀን 2015» ይላል። ጥር 21 ቀን 2015ን እንዳለ ወስዶ ወሩን ብቻ ፈረንጅ አድርጎታል! እነሱ 2015 በሚሉት ዓመት እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ባሌን በመልክም አላውቀውም። ትክክለኛው ጃንዋሪ 29 ቀን 2023 ነው። ተመልሼ ስነግረው «ምን ችግር አለው፣ ያው ጥር አይደል?» አለኝ።

ሁለተኛው ቤት እጥፍ አስከፈለኝ፣ ሦስት ቀንም አስጠበቀኝ። ግን ሴትዮዋ ወረቀቱን ገና ሳትቀበለኝ «ፓስፖርትሽን ይዘሻል?» አለች። ስሙን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ልታደርገው ነው። ቀጥላ «ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለችኝ። እዚያው ላይ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እናንተም ቤት ስትመርጡ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚጠይቃችሁን ምረጡ። ማህተም ብቻውን አይበቃም። ትርጉሙ ላይ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ዓረፍተ ነገር፣ ቀን፣ የተርጓሚው ሙሉ ስም፣ ፊርማና አድራሻ መኖር አለበት።

የስም ነገር ከተነሳ፦ አባታችሁ በ«ፀ» የሚጀምር ስም ካላቸው አብራችሁኝ አልቅሱ። ፓስፖርቴ ላይ በቲ እና በኤስ ነው የተጻፈው፣ ዲግሪዬ ላይ በኤስ ብቻ። አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፌ ሁለቱንም አያያዝኩት።

ወደ ኤጀንሲዎቹ። ሁለት ቢሮ ገብቼ አነጋገርኩ። አንደኛው የአንድ ወር ደሞዜን ጠየቀኝ። ለምኑ? ኦንላይን ፎርሙን ለመሙላት። ፎርሙ ረጅም ነው እንጂ ከባድ አይደለም። መቼ ተገናኛችሁ፣ መቼ ተጋባችሁ፣ የት ልትኖሩ ነው፣ ወላጆችሽ መቼ ተወለዱ። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ደግሞ «ቪዛው መቶ በመቶ» አለኝ። ይህን ሲሏችሁ ሻያችሁን ሳትጨርሱም ቢሆን ውጡ። ውሳኔው የእንግሊዝ መንግሥት እንጂ የማንም ቢሮ አይደለም።

ከዚህ በፊት የተከለከላችሁ፣ ልጅ ከሌላ ትዳር ያላችሁ፣ ወይም የባላችሁ ገቢ የተወሳሰበ ከሆነ ግን ሰው ያዙ። እሱንም እዚያው እንግሊዝ ያለ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም አማካሪ አድርጉት። እዚያ አገር ያለፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው። የአማካሪዎቹን መዝገብ የሚይዘው የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን ስለሆነ ስማቸውን በነፃ ኦንላይን ማየት ይቻላል።

እንግሊዝኛ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይከስራል። የአክስቴ ልጅ ለስድስት ወር አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ማሠልጠኛ ተመላልሳ ድርሰት ስትጽፍ ከረመች። ለመጀመሪያው የትዳር ቪዛ የሚፈለገው ኤ ዋን የሚባለው ደረጃ ነው፤ ከሁሉም ዝቅተኛው። መናገርና ማዳመጥ ብቻ። የአይኤልትሱ ፈተና «ላይፍ ስኪልስ» ይባላል፣ ከሌላ ተፈታኝ ጋር ተቀምጣችሁ ሃያ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ወሬ ነው። ድርሰት የሚባል ነገር የለውም። እኔ ጭራሽ አልተፈተንኩም። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው በእንግሊዝኛ አይደል? ዲግሪዬን ኤክቲስ ለሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ልኬ፣ ደረጃውንና የተማርኩበትን ቋንቋ የሚያረጋግጥ ወረቀት ወሰድኩ። ከዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንደነበር የሚል ደብዳቤ ቀድማችሁ አውጡ። ሬጅስትራር ቤት ያለውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ።

የቲቢ ምርመራ ላይ ማወዳደር የለም፣ አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ጋ ብቻ ነው። ሰፈር ክሊኒክ የተነሳችሁት ኤክስሬይ ምንም ቢጠራ አይቀበሉትም። ወረቀቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ስለሆነ በጣም አትቸኩሉ። ኤክስሬዩ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ደግሞ የአክታ ምርመራ አለ፣ እሱ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል።

የቪዛ ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ፣ ቪኤፍኤስ ጋ፣ በክፍያ ተጨማሪ አገልግሎቶች ይቀርቡላችኋል። ምቹ ማረፊያ፣ የስልክ መልእክት፣ ሰነድ ስካን አድርጎ መጫን። ሰነድ ራሳችሁ ከቤት ብትጭኑ ነፃ ነው። በስልኬ የስካን አፕ አንድ ምሽት ፈጀብኝ፣ መብራት አንዴ ጠፍቶ። ማረፊያውን ቀጠሮዬን እየጠበቅሁ በበሩ በኩል አየሁት። ወንበሩ ይለሰልሳል፤ ሌላ የተለየ ነገር አልታየኝም።

ትልቁ ወጪ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የማመልከቻው ክፍያ ከኤፕሪል 2025 በኋላ 1,938 ፓውንድ ነበር። ለእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የሚከፈለው በዓመት 1,035 ሆኖ የሦስት ዓመት፣ 3,105 ፓውንድ፣ አንዴ ይከፈላል። ስለሚከልሱት ከመክፈላችሁ በፊት የመንግሥቱን ድረ ገጽ እዩ። ብትከለከሉ የጤናው ይመለሳል፣ የማመልከቻው አይመለስም። እዚያ ያለው ባል ወይም ሚስት በዓመት ሊኖራቸው የሚገባው ገቢ ደግሞ በኤፕሪል 2024 ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ዘለለ። እኛን ያዘገየን እሱ ነው። ባለቤቴ የስድስት ወር የደሞዝ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት አዘጋጀ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወር በወር፣ ሳንቲም በሳንቲም አመሳክሩ። የእኛ አንድ ወር ላይ አልገጠመም፣ አሠሪው በብድር የቆረጠው ነበር። ደብዳቤ አጻፍን።

በመጨረሻ ፎቶ። የሠርጋችን አልበም ሦስት መቶ ፎቶ አለው፣ ግማሹ ጭስ ነው። የላክሁት አሥራ አራት ነው፣ እያንዳንዱ ሥር ቀንና ቦታ ተጽፎበት። የምወደው የሠርጉ አይደለም። ባለቤቴ በእናቴ ማድ ቤት የዶሮውን ሽንኩርት እየላጠ፣ ዓይኑ ቀልቶ የተነሳው ነው። ከሐዋላ ደረሰኞቹና በየወሩ አንድ አንድ ከወሰድኩት የስልክ ጥሪ ዝርዝር ጋር አስገባሁት።

የሁለተኛዋን ትርጉም ቤት ስም የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የመጀመሪያውን አልናገርም። ማህተሙ ሲያምር ጠርጥሩ።