ሥራዬን ለቅቄ፣ ቦርሳ አዝዬ ዓለምን ልዙር? ምን ትሉኛላችሁ?

የጣና ዳሯ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። በቀጥታ ልጠይቅ። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ሥራው ክፉ የሚባል አይደለም፣ ግን ሰለቸኝ። ጠዋት ሰልፍ፣ ከሰዓት ሰልፍ፣ ማታ ደግሞ ሒሳቡ አልገጥም ብሎ ሳንቲም ፍለጋ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት። ድሮ ቱሪስት በሚበዛበት ጊዜ ዶላር ሊመነዝሩ የሚመጡት አንዳንዶቹ ቁመታቸውን የሚያህል ቦርሳ አዝለው፣ ከጎኑ እርጥብ ካልሲ አንጠልጥለው ነበር የሚገቡት። አንዷን ከየት ነው የመጣሽው ብላት፣ ከቤቷ ከወጣች ዓመት እንዳለፋት እየሳቀች ነገረችኝ። እሱ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አሁን ሥራዬን ለቅቄ በኬንያ በኩል ወደ ታች እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ ወደ እስያ ልሄድ አስቤያለሁ። ፓስፖርት አለኝ። ቁጠባም አለኝ፣ በብር ነው እንጂ። እናቴ ገና አልሰማችም። ልልቀቅ ወይስ ልተወው? "ዕድሜሽ ሄደ፣ አግቢ" የምትሉ እባካችሁ እለፉኝ፣ እሱን ቤትም እሰማዋለሁ።

ሞያሌን የተሻገረ፦
እህቴ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ጉዞውን ተይው ግን አላልኩም። ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ ሥራ መልቀቅ የጉዞው መጀመሪያ ነው። የኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን ሥራው ራሱ ግማሽ ቪዛ ነው። ለምሳሌ ለሼንገን፣ ማለትም ለአብዛኛው የአውሮፓ ሀገር ቪዛ፣ ስታመለክቺ ዋናው ጥያቄ "ትመለሳለች ወይ?" ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የተፈቀደ የዓመት ፈቃድ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። ማመልከቻው ብቻ በፈረንጆች ከ2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉሽም አይመልሱልሽም። ሥራ የሌላት፣ ያላገባች ወጣት ብለሽ ፎርም ሞልተሽ ስትቀርቢ ምን እንደሚሉሽ አንቺው ገምቺው።

ስለዚህ ከማያስቸግሩን ጀምሪ። ኬንያ ቪዛ አትጠይቀንም። ሩዋንዳ በ2023 ለአፍሪካውያን ሁሉ በሯን ከፍታለች። ቤኒንም እንደዚያው ናት። ደቡብ አፍሪካ ግን ቪዛ አለባት፣ ያሰብሽው መስመር እዚያ ላይ ይቆማል። በመኪና ከሆነ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርገሽ ሞያሌ፣ ከዚያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ናይሮቢ ትገቢያለሽ። አስፋልት ነው፣ ወገብሽ ግን ያስታውሰዋል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ድረስ በዚህ ጊዜ በአውሮፕላን ሂጂ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ከፓስፖርቱ ጋር ያዥ፣ አንዴ ከተከተብሽ ለዕድሜ ልክ ነው። ናይሮቢ ላይ እንጀራ ከናፈቀሽ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር አለልሽ።

ቁጠባሽ በብር መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ አንቺ ከካውንተሩ ጀርባ ሆነሽ አይተሻል። ለኔ አይነገርሽም።

ዝምተኛው፦
በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ። ስንቱ ተመርቆ ቤት ቁጭ ብሏል፣ አንቺ ሳንቲም መቁጠር ሰለቸኝ ትያለሽ።

የጣና ዳሯ፦
ወንድሜ፣ ወንበሩ ይሻልሃል ካልክ ናና ተቀመጥበት። ማታ ሒሳቡ ሲጎድል የምትከፍለው ከኪስህ መሆኑን ግን እወቅ።

የጀልባው ልጅ፦
እኔ በዘጌ መስመር ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ቦርሳ ያዘለ ሁሉ ሥራ የለቀቀ እንዳይመስልሽ። ብዙዎቹን አጫውቻቸዋለሁ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ተዘግቶለት የመጣ መምህር ነው፣ አንዳንዱ ከላፕቶፑ ጋር ታግሎ ማታ ማታ የሚሠራ። ደግሞስ አንቺ ጣናን ዞረሽው ታውቂያለሽ? 37 ደሴት አለ እንላለን እንጂ ደቅን ያልረገጠ የባሕር ዳር ሰው ሞልቷል። ፀጥታው ሲረጋ ያንን ቦርሳ አዝለሽ እስከ ጎርጎራ ውጪ። ትከሻሽ ያን ጊዜ ይነግርሻል፣ ግማሹን ልብስ ራስሽ ታወጪዋለሽ።

የቅኔ ቤቱ ሰው፦
ልጄ፣ እኔ ሂጂ ነው የምልሽ። በልጅነቴ ከአቸፈር ተነስቼ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ ሄጃለሁ። ትኬት የለ፣ ዶላር የለ። አኮፋዳና ዱላ ብቻ። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብዬ ደጅ ስቆም መጀመሪያ የሚወጣው ውሻው ነው፣ ከሱ ኋላ እማወራዋ ቁራሽ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ቤት ጤፍ፣ አንዱ ቤት ዳጉሳ፣ ሁሉም አኮፋዳው ውስጥ ይደባለቃል። የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥተን ድርቆሽ አድርገን እንበላዋለን። ሰው ሀገሩን የሚያውቀው እንዲህ ነው። እኛ ጠፍተን ነበር የምንሄደው፣ አንቺ ስልክ አለሽ፣ ለእናትሽ ግን ንገሪያቸው።

ሞያሌን የተሻገረ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን ናይሮቢ ላይ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብትል የሚወጣላት ውሻው ብቻ ነው።

ሰብለ ነኝ፦
ሴት ብቻዋን ስለመሄድ ማንም አላነሳም። አየር ማረፊያ ላይ የኢሚግሬሽን ሰዎች ብቻዋን የምትወጣ ወጣት ሴት ስታጋጥማቸው ለአረብ ሀገር ሥራ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። መመለሻ ትኬትሽንና ያስያዝሽውን ማረፊያ አትመሽ በወረቀት ያዥ፣ ስልኬ ላይ ነው ብለሽ ስትፈልጊ ባትሪው ያልቅብሻል። አዲስ ከተማ በጨለማ አትግቢ። ሆስቴል ከሆነ የሴቶች ክፍል ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ አለ።

ሌላ ደግሞ፣ ባንክሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥር ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለሽ፣ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመራል። አሠሪሽ ከተስማማ እስከ ሁለት ዓመት ማስተላለፍ ትችያለሽ። የሁለት ዓመቱ ሲደመር ከ30 የሥራ ቀን በላይ ነው፣ ለኬንያና ለሩዋንዳ ሲበዛ ነው። ከዚያም ልልቀቅ ካልሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ መውጣት ነው።

የጣና ዳሯ፦
ሰብልዬ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የዘንድሮውን ፈቃድ አልነካውም፣ ሰኞ አለቃዬን አናግራለሁ። እናቴንም ቡና ላይ እነግራታለሁ፣ ኬንያ ብቻ ነው ብዬ ልጀምር። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፣ የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ደርሶኝ ብሩን ወስጃለሁ፣ ገና ብዙ ዙር ይቀረዋል።

ዝምተኛው፦
ይቺን መጀመሪያ ብትነግሪን ይሄ ሁሉ አይጻፍም ነበር። ዋስሽ ማነው?

የጣና ዳሯ፦
አለቃዬ።