ስሙ የተቀየረ ፓኬጅ ሌላውን ፕሮግራም ሊያስጠፋብኝ ነው

ሰላም ወገኖቼ፣ የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) ነው። እዚሁ ያዘጋጀነውን የፊደል ፓኬጅ (የሚጫን የፋይሎች ጥቅል) ስም ከ«ፊደል-ዳታ» ወደ «ግዕዝ-ፊደል» ቀየርነው። ብሬክስና ሪፕሌስስ (አዲሱ ፓኬጅ የድሮውን እንደሚተካ የሚገልጹ መስመሮች) ስላስገባን ፋይል አይጋጭም፤ አዲስ ማሽን ላይ ያለችግር ይጫናል።

ጣጣው አሮጌዎቹ ላይ ነው። የፈተና ማዘጋጃው ፕሮግራም «ፊደል-ዳታ 1.2 ወይም ከዚያ በላይ» ይፈልጋል። የአዲሱ ፓኬጅ የፕሮቫይድስ መስመር (በ«ፊደል-ዳታ» ፈንታ እንደሚያገለግል የሚናገረው) ደግሞ የቨርዥን ቁጥር የለውም። ስለዚህ አፕት (የዴቢያን ፓኬጅ ጫኚ) አይቀበለውም። «ኢንስቶል» ስለው የፈተና ፕሮግራሙን ራሱን ላጥፋው ይላል! መምህራኑ ፈተና የሚያወጡት በሱ ነው፤ እንዴት እሺ ልበለው?

ፕሮቫይድስ ላይ ቁጥር ልጨምር ወይስ በድሮው ስም ባዶ መሸጋገሪያ ፓኬጅ (አዲሱን ብቻ የሚጠራ) ልሥራ? ኔት ስለሚቆራረጥ ፓኬጁን በፍላሽ ነው የማዞረው፤ አንድ ፋይል ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህን የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ የኮንትሮል ፋይላችሁን (እነዚህ መስመሮች የሚጻፉበትን) አሳዩኝ።