የጋራ ፕሮፖዛሉ፦ ስንት ችግኝ? ኢንተርኖቹስ?

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንጦጦ ላይ ችግኝ ለመትከል ድጋፍ የምንጠይቅበትን የፕሮፖዛል ረቂቅ አንብባችሁ አስተያየት የሰጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስታችንም፣ ማለትም የእኛ ማኅበር፣ እድሩና የቅጠል ተሸካሚ እናቶች የቁጠባ ቡድን፣ እስከ ገጽ አራት ተስማምተናል። መግቢያው ላይ የነበረውን «ድር ቢያብር» አውጥቼዋለሁ። ማንም አይቀየመኝ፤ እሱ የሌለበት ፕሮፖዛል አይቼ አላውቅም።

የቀሩን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የችግኙ ቁጥርና የኢንተርኖቹ (ለሥራ ልምምድ የምንይዛቸው ወጣቶች) ክፍል። ረቂቁ «10,000 አገር በቀል ችግኝ እንተክላለን» ይላል። እኔ 1,200 ይሁን ባይ ነኝ። ከመቆጣታችሁ በፊት ስሙኝ።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ አንድ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ውስጥ ስድስት ወር ኢንተርን ነበርኩ። ማኅበረሰቦች በራሳቸው የሚመሩትን የብዝኃ ሕይወት ሥራ የሚደግፍ ነው። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ፈረንጆቹ ጋ ገባች» ትል ነበር። እኔ እኮ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነበርኩ! ግን ሪፖርት ማንበብም የእኔ ሥራ ስለነበር ብዙ አነበብኩ። ሁሉም ስንት እንደተተከለ ይናገራል። ስንቱ እንደተረፈ የሚናገር በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ጥር ላይ መስክ ወጣን። በወረቀት ላይ ኮሶና ወይራ የለበሰ ተዳፋት ነው። እዚያ ስንደርስ በረድፍ የቆመ ጭራሮ አገኘን። አንዱን ሳብ አደረግኩት፤ ያለ ትግል ወጣ። ሥሩ አሁንም ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ከረጢቱ ሳይቀደድ ከነአፈሩ ተቀብሯል። የተከለው ሰው ሰነፍ አልነበረም። ቸኩሎ ነው። ቁጥር መሙላት ነበረበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ታሪኩ ያሳዝናል፤ ግን አልተዋጠልኝም። ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ ላይ በሚሊዮን ሲቆጠር የሰማ ሰው 1,200 ስንለው ይስቅብናል። ገንዘብ ሰጪ ትልቅ ቁጥር ይወዳል።

ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ የምናመለክተው ለማን እንደሆነ እናስታውስ። የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራሙ ጂኢኤፍ ከሚባለው የአካባቢ ፈንድ የሚመጣ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያስፈጽመዋል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገር አለ። ገንዘቡ በቀጥታ እንደኛ ላሉ ማኅበራት ነው የሚሰጠው። ለዓመታት የአንድ ድጋፍ ጣሪያው 50 ሺህ ዶላር ነበር፤ ስያሜውም ላይ «አነስተኛ» ብለውታል። የሚወስነው ደግሞ እዚሁ አገር ያለ ኮሚቴ ነው፤ አብዛኞቹ አባላቱ ከመንግሥት ውጭ የሆኑ ሰዎች ናቸው። እንጦጦን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያነበን። ውርጩንም ፍየሉንም ያውቃል።

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦
ልጅቷ ልክ ነች። ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። መደብ ላይ ሲቆይ ማን ውኃ ያጠጣዋል? እኔና አንድ ልጅ ነን በጀሪካን የምንሸከመው። ሐምሌ ላይ ለመትከል ጉድጓዱ ግንቦት ላይ መቆፈር አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ከዚያ በኋላ በጋው። ለ10,000 ችግኝ አንድ አንድ ጆግ ውኃ አስቡት እስኪ።

ሌላም አለ። ወንዝ ወንዙን ይዛችሁ ስትወጡ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ያለበት ቦታ ላይ ማንም ያልተከለው ጽድ ከሥር ብቅ ብሏል። ወፍ ናት የዘራችው። ፍሬውን በልታ እዚያ ጣለችው። እሱን ማጠርና መጠበቅ ከመትከል ይረክሳል። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን አንድ መስመር የለውም።

የእድሩ ሰብሳቢ፦
እኔ የምለው ስለ መሬቱ ነው። ተራራው የመንግሥት ነው። ያለ ደብዳቤ ብናጥር ነገ መጥቶ የሚያፈርስ አይጠፋም። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደን የሚባል ነገር ያውቃል። በእሱ ላይ ተመሥርተን ስምምነት እንጠይቅ። የወረዳውን ጉዳይ ለእኔ ተዉት። ደጅ መጥናት ለምጃለሁ።

የእናቶች ቡድን ተወካይ (ልጄ ነው የሚጽፍልኝ)፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባሕር ዛፉን አንሥታችሁ ኮሶ ልትተክሉ ከሆነ እኛ ምን እንብላ? የከተማው ሰው እንጀራውን ሲበላ ምጣዱ በምን እንደጋለ አይጠይቅም። በእኛ ጀርባ በወረደ ቅጠል ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጅብ እየጮኸ ነው የምንወጣው። ጥበቃ ያባርረናል፤ አንዳንዱም ገመዳችንን ይቀማል።

ኢንተርን የምትሉትስ ደመወዝ አለው?

ጸሐፊ፦
እትዬ፣ ባሕር ዛፉ አይነሣም። ብንፈልግም አንችልም፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሥር የሰደደ ነው፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የምንለው ሁለት ሸለቆ ብቻ ላይ ሳሳ አድርገን ከሥር ያለውን አገር በቀል እንጠብቅ ነው። የሚወጣው እንጨትና ቅጠል ደግሞ ለእናንተ ቡድን እንዲሆን በጽሑፍ ይግባ። የእድሩ ሰብሳቢ በሚያመጡት ደብዳቤ ላይም ይህ ይካተት።

አሁን ስለ ኢንተርኖቹ። አዎ፣ ይከፈላቸዋል። እዚህ ላይ አልደራደርም። ያኔ እኔ ነጻ ነበር የሠራሁት። ከፈረንሳይ ሰፈር ወርጄ ሁለት ታክሲ፣ ስመለስ ሁለት፤ ምሳ ቋጥሬ። አራተኛው ወር ላይ የታክሲውን ገንዘብ የሰጠችኝ አክስቴ ናት። አብሮኝ የጀመረው ልጅ አክስት ስላልነበረው ተወው። ከእኔ የተሻለ ዕፅዋት የሚያውቅ ልጅ ነበር።

ሐሳቤ ይህ ነው። ሁለት ኢንተርን እንያዝ፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ከሰፈራችን። አስተማሪያቸው ደግሞ ከእናቶቹ ቡድን ትሁን፤ በቀን አበል ተከፍሏት። ተራራውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለፈው እትዬ ከሩቅ ሁለት ኮሶ አሳይተውኝ «ያቺ ሴቴዋ ናት፣ አበባዋ ቀላ ይላል፤ ያኛው ወንድ ነው» አሉኝ። እኔ ያንን ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ ነው። ዘር የሚለቀመው ከሴቴዋ ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ ኢንተርን ባዶ ከረጢት ይዞ ነው የሚመለሰው።

ሥራቸው መቁጠር ነው። ሐምሌ የተተከለውን መስከረም ላይ፣ ከዚያ ጥር ላይ፣ ከዚያ ግንቦት ላይ እንደገና። የሞተው ለምን እንደሞተ ይጻፍ፤ ፍየል፣ ውርጭ፣ ጥም ወይስ ፕላስቲክ። የሞተ መጻፍ አያሳፍርም፤ ገንዘብ ሰጪው ያንን ነው ማየት ያለበት።

የሕግ ተማሪው አባል፦
ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚለው አባሪ ላይ ተቃውሞ አለኝ። «ኢንተርኖቹ የእናቶችን የመድኃኒት እውቀት ይሰበስባሉ» ይላል። የት ሊሄድ ነው የሚሰበሰበው? በ1998 የወጣው አዋጅ 482 የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይላል፤ ከጥቅሙም ድርሻ አላቸው። የጤፍን ነገር አንርሳ። ሆላንድ ውስጥ ፓተንት ወጥቶበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በሄግ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ስንት ዓመት ፈጀ። የዛፉ ስም፣ ያለበት ቦታና ብዛቱ ይበቃል። ምን በምን ተቀላቅሎ እንደሚጠጣ አይጻፍ።

ጸሐፊ፦
ትክክል ነህ። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አውጥቼዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን 1,200ውን «1,200 ችግኝ፣ ግንቦት ላይ ተቆጥሮ» ብለን እንጻፈው። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ አያንስም። የእኛንም መዋጮ አስገባለሁ። ከኪሳችን ባይሆንም የእድሩ ድንኳን፣ የችግኝ ጣቢያው ቦታ፣ የእናንተ የጉልበት ቀን፣ ሁሉም በብር ይተመናል። የኢንተርኖቹ ትራንስፖርት ላይ የሞባይል ካርድም ልጨምር?

ጸሐፊ፦
ጨምር። ፎቶ የሚልኩት በዳታ ነው። እኔ የሁለቱን ሸለቆዎች ንድፍ ልሠራ ነው፤ ግን የተፈጥሮው ጽድ የት የት እንዳለ በእግር መዞር አለብኝ። ቅዳሜ ማን ይመራኛል?

የእናቶች ቡድን ተወካይ፦
እኔ እመጣለሁ ልጄ። አሥራ ሁለት ሰዓት ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ጠብቂኝ። ያንን የቢሮ ጫማሽን አውልቀሽ ነይ፤ ባለፈው ገደሉ ላይ ልትገድይን ነበር።